ልጅቷስ ምን አለች?

የረጠበ ፈረስ ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አገራችን የፈረስ አገር ነው፤ አዊ ተወልዶ ፈረስ የሚጠላ አለ ቢባል ማንም አያምንም፤ እኔ ግን ዝናብ የመታው ፈረስ ባጠገቤ ሲያልፍ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው ሐምሌም የሆነው ይኸው ነው። ከዳንግላ በሚኒባስ መጥቼ እንጅባራ መናኸሪያ ወረድኩና በባጃጅ ወደ ስልጠናው አዳራሽ ስሄድ፣ ድንች የጫነ ጋሪ ከፊታችን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ፈረሱ ከጆሮው እስከ ጭራው ይንጠባጠባል፤ ላቡና ዝናቡ የተቀላቀለበት እንፋሎት ባጃጁ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ክላክሱን ያንባርቃል፤ እኔ የተጠራሁበትን ጉዳይ ረስቼ ያን ክረምት አስባለሁ።

የጠራችኝ ምሕረት ናት። እናቷ ተማሪዬ ነበረች። ምሕረት አሁን ወላጅ የሌላቸውንና ቤት የማይመቻቸውን ልጆች ሰብስቦ ክረምቱን ሦስት ሳምንት የሚያቆይ ካምፕ ታስተባብራለች። ልጆቹን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከየአገሩ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ የድሮ መምህር ነዎት። በስልጠናው ማብቂያ ቀን ስለ ባህላችንና ስለ አክብሮት ግማሽ ሰዓት ይናገሩልን» አለችኝ በስልክ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «አክብሮት» የሚለው ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ያኔ፣ እኔ ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ እንጅባራን እንጅባራ የሚላት የመንግሥት ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ለኛ ቆሰበር ናት። አውቶቡስ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ በቀርከሃ የተሠራች ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦም በአሥር ሳንቲም፤ አምስት ሳንቲም የጨመረ ማርማላታ ይቀባለታል። በሯ ላይ የተሰቀለችው ድምፅ ማጉያ ከዜናው በኋላ ዘፈን ትለቅ ነበር፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ዝናቡን ረስቶ ይቆማል፣ ባለቤትየዋም ሂሳብ መቀበሉን ትታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ የቆሰበርን ጭቃ ይጠርጉ ነበር። እኛ ሴቶቹ አፍሯችንን በናይለን ሻሽ ሸፍነን፣ ፕላስቲክ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን፣ ቢሮ ደጃፍ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን እንጫማለን። ጥሩ ሹራብ አሥራ ሁለት ብር ነበር። በመጀመሪያ ደመወዜ ቀይ ገዛሁ፤ ለብሼው ስወጣ መንገዱ ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። የትኛው መንግሥት ነበር፣ ምን መፈክር ይባል ነበር፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው ሹራቡን ነው። ሹራቡን የማስታውሰውም አንዲት ልጅ እጅጌውን ይዛ ስለምትውል ነው።

በዚያው ዓመት እናት አባት የሞቱባቸው ልጆች ከየወረዳው ተሰብስበው ክረምቱን በትምህርት ቤታችን ግቢ እንዲከርሙ ተደረገ። ካምፕ የሚል ስም አላወጣንለትም፤ «የልጆቹ ማረፊያ» እንለው ነበር። እንድንጠብቃቸው አምስት ወጣት መምህራን ያለ ክፍያ ፈቃደኛ ሆንን። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምኒችል ሦስት ቀን አሰለጠኑን። ነፍሳቸውን ይማርና ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ምን አሰለጠኑን? ልጅ ጨዋ የሚሆነው እንዴት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ እንዴት ይሰለፋል፣ ታላቅ ሲናገር እንዴት ዝም ይላል። ምግቡ ድንች ነበር፣ አልጋው ጭድ ነበር፣ ትምህርቱ ግን ሥነ ሥርዓት ነበር። በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ልጆቹን አሰልፌ ጉልበት መሳም ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ዘበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አንድ በአንድ እየጠራሁ፣ ጎንበስ፣ ሳም፣ ምርቃት ተቀበል፣ ወደ ኋላ ተመለስ። ያልፈለገ ልጅ ካለ ማጅራቱን በሁለት ጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ማን ሊጎዳቸው እንደሚችል፣ ማን መጥቶ ሊወስዳቸው እንደሚችል አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሰው ሁሉ አባታቸው፣ ሰው ሁሉ እናታቸው ነበር!

ይታይሽ የምትባለው ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ከጫግኒ በታች ከቆላው ነው የመጣች፤ ብርዱ አልስማማት ብሎ ከንፈሯ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። አማርኛ ይቸግራታል። እኔ የእናቴ ቋንቋ አዊኛ ስለሆነ ተለጠፈችብኝ። የሄድኩበት ትሄዳለች፣ የቀዩን ሹራቤን እጅጌ ይዛ። ከአጥሩ የወደቀ ቀርከሃ ሰንጥቃ ትንንሽ እንቅብ ትሠራለች፤ ጣቷ ሲቆረጥ አታለቅስም፣ ትመጠውና ትቀጥላለች። ጓሮ ካለው ቁጥቋጦ እንጆሪ ለቅማ በእንቅቧ ታመጣልኛለች፤ ግማሹን እሷው ትበላዋለች፤ አፏ ጠቁሮ «አልበላሁም» ትለኛለች። በሥራዬ ያላገኘሁት ሳቅ ከሷ ጋር ነበረኝ። ሰው አለሽ ወይ ስላት «የአባቴ ወንድም አለ፣ እህል ሲገባ ይመጣል» ትላለች። የአባቷ ወንድም። ይህን ሰምቻለሁ። ይህንንም ሰምቼ ነው እንግዲህ!

አንድ ጠዋት ዝናቡ እየወረደ አንድ ሰው በፈረስ መጣ። ኮርቻው በቀይ ዘርፍ ያጌጠ፣ ጋቢው ነጭ፣ ጭራው በእጁ። እኛ አገር በፈረስ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ሰው አይደለም። ዘበኛው በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ አቶ ምኒችል ከቢሮ ወጥተው ልጓም ያዙ። ፈረሱ ደጃፉ ላይ ታስሮ እንፋሎት ይወጣዋል። ለእንግዳው ወንበር ተሳበ፣ ሻይ መጣ፣ ዳቦ መጣ። ስምዎ ማነው የሚል አልተገኘም፤ ውሃ ሳያቀርቡ ስም መጠየቅ ነውር ነው፣ ውሃ ካቀረቡ በኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ሰውየው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ፈረሱ አወራ። መጨረሻ ላይ «የእህቴን ልጅ ልወስድ ነው አመጣጤ። ይታይሽን» አለ።

የእህቱን ልጅ። እኔ ቆሜ ሻይ እቀዳ ነበር። የአባቷ ወንድም ነው የሚጠበቀው፤ ይሄ የእናቷ ወንድም ነኝ ይላል። ሊኖራት ይችላል፣ ለምን አይኖራትም አልኩ በልቤ። ደግሞስ እኔ ማን ሆኜ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ባለ ፈረስ ሽማግሌ የምጠይቅ?

«ሂጂ አዘጋጅተሽ አምጫት» አሉኝ አቶ ምኒችል።

ፊቷን አጠብኳት፣ ፀጉሯን አበጠርኩ። በመስኮት ሰውየውን አየችው። እጅጌዬን ያዘችና በአዊኛ፣ ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች፦ «አላውቀውም። እንዳትሰጪኝ።»

ሰማኋት። በደንብ ሰማኋት። ያልኳትንም አልረሳውም፦ «ዝም በይ፣ ነውር ነው፣ ይሰሙሻል።»

አስገባኋት። ሰውየው ጉልበቱን አመቻቸ። ይታይሽ ቆመች። ማጅራቷን በሁለት ጣቴ ገፋ አደረግኳት። ጎንበስ አለች፣ ሳመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ሳስተምራት እንደከረምኩት፣ አንድም ሳታጎድል። አቶ ምኒችል ደስ አላቸው። «ይኸው አወቀችው!» አሉ። ወረቀቱም ተጻፈ፤ ልጅቷ በፊታችን ጉልበት ስማ ዘመዷን ስላወቀች ተሰጥታለች የሚል። ፈረምን። እኔም ፈረምኩ። እኛው ባስተማርናት ስግደት እኛው መሰከርንባት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ፤ እኛ ሞፈሩን ቆርጠን፣ ጠርበን፣ ተሸክመን ሰጠን። ፈረሱ ላይ ከኋላው አፈናጠጣት። አላለቀሰችም። ያ የረጠበ ፈረስ ባጠገቤ ሲያልፍ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ።

በሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ በራሱ ላይ ገሣ፣ በብብቱ አሻሮ የያዘች አቁማዳ። ዘበኛው በሩን አልከፈተለትም። ከውጭ ዝናብ ላይ አቁሞ ጠየቀው፦ ማነህ፣ ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ደብዳቤ አለህ? ባለ ፈረሱን ልንጠይቀው ይገባ የነበረውን ሁሉ ለዚህ ምስኪን አወረድንበት። ስሙን ተናገረ፣ የአባቱን ስም ተናገረ፣ የይታይሽን አባት ስም ተናገረ። የአባቷ ወንድም ነው። እህል እስኪገባ መታገሥ አቅቶት ከቆላ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው።

አቶ ምኒችል ልጅቷ መሰጠቷን ነገሩት። ይጮኻል፣ ይሳደባል ብለን ነበር። አልጮኸም። ገሣውን አውልቆ ያዘና እኔን አየኝ፤ ከመምህራኑ አዊኛ የምሰማው እኔ እንደሆንኩ ነግረውት ነበር። በአዊኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አልኩት።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጫግኒ ገበያ ፈለግናት፣ ዳንግላ ፈለግናት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዱ፣ በነጋዴ ቤት ውሃ ስትቀዳ አይቻታለሁ ይላል፣ ሌላው ድረዋታል ይላል። ባለ ፈረሱን የሚያውቅ ጠፋ፤ ስሙን አልጠየቅንማ! አጎቷ ሦስት ገበያ ተመላለሰ፣ በአራተኛው ቀረ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ወደ ዳንግላ ተዛወርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ቀዩን ሹራብ ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

ጋሪው መንገዱን ሲለቅ አዳራሹ ደረስኩ። ባለ ባነር፣ ባለ ፕላስቲክ አበባ አዳራሽ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ተደርድረዋል። አሰልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ሲሞት እንኳ በቃሉ ቀጠለ። ልጅን ብቻህን ይዘህ በር አትዝጋ ይላል፣ ልጅ የነገረህን ምስጢር ለኃላፊህ ንገር ይላል፣ ልጅን ያለ ማስረጃ ለማንም አትስጥ ይላል። ሁሉም ይጽፋሉ። ልቤ ትንሽ ረጋ፤ እኛ ይሄ ሁሉ አልነበረንም አልኩ። ከፊት የተቀመጠች ብርቱካን የምትባል ተማሪ ከሁሉም ይልቅ ትጠይቃለች። ከደቡብ ነው የመጣችው፤ ብርዱን ስላልለመደችው ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የምትጽፈው።

ከዚያ የክብር እንግዳው ገቡ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተው። የየትኛው ቢሮ እንደሆኑ አልናገርም፣ ለውጥም የለውም። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ካሜራ ወጣ። ያን ቀን ጠዋት ካምፕ ከገቡት ልጆች አራቱን አሰልፈው አመጡ። ለምን እንደሆነ የገባኝ እንግዳው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያመቻቹ ነው።

አንደኛው ሳመ። ሁለተኛው ሳመ። ሦስተኛዋ ሳመች። አራተኛዋ ትንሿ፣ ትሁን የምትባለው፣ ቆመች። አንዱ ቲሸርት ለባሽ ፈገግ እያለ ማጅራቷን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረጋት።

«ተዋት!» አልኩ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ። «እጅህን አንሳ ከልጅቷ! አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት ምን ብለህ ነው የጻፍክ? ደብተርህን አውጣና አንብበው!»

«እትዬ፣ እትዬ፣» ምሕረት እየሮጠች መጣች፣ «ባህላችን እኮ ነው። የተጠሩትም ስለሱ እንዲናገሩ ነው።»

«ይኸው እየተናገርኩ ነዋ!» አልኳት። «ልጁ ጉልበት የሚስመው ወዶ ከሆነ ይሳም፤ አያቱን ይሳም። ተገፍቶ የሚስም ልጅ ግን ተገፍቶ ይሄዳል። ማንንም ጌታ መሳይ ይከተላል። የምታሰለጥኑት እናንተ ናችሁ!»

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብለው ሲወጡ ግማሹ አዳራሽ እስከ መኪናቸው ሸኛቸው። ለቀሩት የይታይሽን ነገር ነገርኳቸው። ፈረሱን፣ ሻዩን፣ ጉልበቱን፣ ወረቀቱን፣ በር ላይ በዝናብ ያቆምነውን አጎቷን። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አሰልጣኙ አቀርቅሮ ነበር። ስጨርስ ብርቱካን ከብርድ ልብሷ ውስጥ እጇን አወጣች።

«እማማ፣ ልጅቷስ ምን አለች?»

ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጣለብኝ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ እንግዳ ያባረርኩ ደፋር አሮጊት ሆኜ ቆሜያለሁ። አጨብጭበውልኛል። አፌን ስከፍት የወጣው ያው ነው።

«ምን ትላለች፣ ልጅ ናት። ምንም አላለችም።»

ብርቱካን ጻፈችው። ልጅ ዝም ይላል ብላ ጻፈች፤ ከቆምኩበት ይነበባል። ወደ ዳንግላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በራሴ ላይ ያወረድኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሰው ሁሉ ላይ ጮኼ፣ እኔው ዋሽቼ፣ ውሸቴ የስልጠና ማስታወሻ ሆነ። ከእንግዲህ እነዚያ ልጆች «ልጅ አይናገርም» ብለው ሊያምኑ ነው። ልጅ ግን ይናገራል። ተናግራለች! የማይሰማው ትልቁ ነው።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ልናገር ነው የሄድኩት፤ ባዶ እጅ መሄድ አይሆንልኝምና ለትሁን ሹራብ ሠራሁላት፣ ቀይ። ስደርስ የምሳ ሰዓት ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ላይ ያገኘኋት ብርቱካን ናት፤ የዝናብ ልብስ ደርባ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ። ሌሎቹ ልጆቹን ይዘው ምግብ ላይ ናቸው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ። ማንን ፈልገው ነው?»

«ትሁንን። ሹራብ ይዤላት ነው፤ እስኪ ወጣ ትበልና ከተማ ወስጄ ሻይ ላጠጣት።»

«ምኗ ነዎት?»

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። ከዳንግላ ድረስ መጥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዝናብ! «ምን ማለትሽ ነው? አላወቅሽኝም እንዴ? ያን ሁሉ ያስተማርኳችሁ እኔ አይደለሁም?»

«አውቀዎታለሁ እማማ» አለች። በሩን ግን አልለቀቀችም። «እሷ ታውቅዎት እንደሆነ ነው የምጠይቀው። እዚሁ ይቆዩኝ።»

ቆምኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ ጭቃው ላይ፣ ሹራቡን በነጠላዬ ሸፍኜ። የይታይሽ አጎት በቆመበት በኩል ቆምኩ።

ትሁንን ይዛት መጣች። ራቅ አድርጋ አቆመቻትና እሷ ቁጢጥ አለች። «ትሁንዬ፣ እኚህን እናት ታውቂያቸዋለሽ? ከሳቸው ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ? መሳም የለም፣ መፍራት የለም፣ ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

ትሁን አየችኝ። ከዚያ የብርቱካንን እጅጌ ያዘችና በአዊኛ፣ ቀስ ብላ፣ ተናገረች።

ብርቱካን አዊኛ አታውቅም። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም የለም። እኔን አየችኝ።

«እማማ፣ ምን አለች?»

ታውቀኛለች ብል ታምነኝ ነበር። እንግዳ ያባረርኩ ሴትዮ ነኝ።

«አላውቃትም አለች» አልኩ። «እንዳትሰጪኝ አለች።»

ብርቱካን ደብተሯን ከፌስታሉ አወጣች። ሹራቡን በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኳት።

«ጻፊው» አልኳት። «ያቺኛዋም እንደዚሁ ነው ያለችኝ።»